ብረት የሚያርመው ትዝታ

ከ30 ዓመት በላይ በጓሮ ቤት ውስጥ ሸራ ለብሶ የኖረ ላምብሬታ ስኩተር ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞከረው የማስነሻ ፔዳሉ ነው። ይረገጣል፤ አይወርድም። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው ዘይት ይንቆረቆርበታል፣ ያድራል፣ በማግስቱ እንደገና ይረገጣል፤ አሁንም ንቅንቅ የለም። ከዚያ በኋላ ቴስታታውን መክፈት ግድ ይሆናል። ዳዶዎቹ አንድ በአንድ ይላላሉ፣ ክዳኑ ይነሣል፣ ሲሊንደሩ በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ እየተመታ ይወጣል። ፒስተኑ አናቱ ላይ ዝገት ሰፍሮበታል፤ ጎኑ ላይ ግን ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ፣ ጥፍር የሚይዙ ጭረቶች ይታያሉ። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ሁሉም 60 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጭረቱ ምን እንደሆነ ለማናቸውም ማስረዳት አያስፈልግም። ሞተሩ በሩጫ ላይ እያለ ነክሷል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ጨብጦ ቀርቷል። ባለቤቱ ለዓመታት ስኩተር መንዳት የተውኩት ትዳር ስይዝ ነው ሲል የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ፒስተኑ ግን የቆመበት ምክንያት ሠርግ ሳይሆን የሞተሩ መንከስ መሆኑን ይመሰክራል።

በብሪታንያ ከተሞች እንዲህ ያለ ጋራዥ ብርቅ አይደለም። በወጣትነታቸው የስኩተር ክለብ አባል የነበሩ፣ ከዚያ ሥራና ልጅ ማሳደግ የበታተናቸው ሰዎች ጡረታ ሲቃረብ ተፈላልገው ይገናኛሉ፤ አሮጌ ቬስፓና ላምብሬታ ይገዛሉ፣ ይፈታሉ፣ ያድሳሉ፣ እጃቸው እየሠራም ስለ ድሮው ያወራሉ። ከውጭ ለሚያይ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዕድሜ የገፋ ሰው ወጣትነቱን በገንዘብ ሊገዛ ይሞክራል የሚል። እኔ የምለው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ከእኩዮቻቸው የሚለዩት የበለጠ ስለሚናፍቁ ሳይሆን ናፍቆታቸው ስለሚፈተሽ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ወጣትነቱ የሚተርክን ሰው የሚያርመው የለም፤ ታሪኩ በየዓመቱ ትንሽ እየሰፋ ይሄዳል። ስኩተር እየፈታ የሚተርክ ሰው ግን ሁለት አራሚ ቆመውበታል። አንዱ ብረቱ ነው፤ ሌላው ያኔ አብሮት የነበረ፣ አሁን ቁልፍ የሚያቀብለው ባልንጀራው። ይህን ለማሳየት ከማሽኖቹ ትውልድ መጀመር ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቬስፓም ላምብሬታም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ የወጡ የጣሊያን ሥራዎች ናቸው። ቬስፓን ያወጣው ፒያጆ የተባለው ኩባንያ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ ፖንቴዴራ ያለው ፋብሪካው በቦምብ ተመትቶ፣ ጦርነቱ ሲያበቃም የአውሮፕላን ገበያው ተዘግቶበት ቀረ። ኤንሪኮ ፒያጆ ሕዝቡ በርካሽ የሚጓዝበት ነገር እንዲቀርጽለት የጠየቀው ኮራዲኖ ዳስካኒዮን ነው፤ ሄሊኮፕተር ሲነድፍ የኖረ፣ ሞተር ሳይክል የማይወድ መሐንዲስ። አለመውደዱ ጠቀመው። ሞተር ሳይክል ልብስ ያቆሽሻል፣ ሰንሰለቱ ቅባት ይረጫል፣ ጎማው ሲተነፍስ መፍታቱ አበሳ ነው፤ ዳስካኒዮ እነዚህን እንከኖች ተራ በተራ አስወገደ። የተለየ ሻንሲ ትቶ አካሉን በሙሉ በማተሚያ ከተቀረጸ ላሜራ ሠራው፣ የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው፣ ማርሹን ወደ መሪው እጀታ አመጣው፣ ከነጂው እግር ፊት ጋሻ አቆመ። የፈጠራ መብቱ ኤፕሪል 1946 ፍሎረንስ ላይ ተመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሚላን ውስጥ ላምብራቴ በሚባለው ሰፈር የብረት ቱቦ ያመርት የነበረው ፈርዲናንዶ ኢኖቼንቲ ላምብሬታን ይዞ ብቅ አለ። ቱቦ የሚያውቅ ሰው ነውና ስኩተሩንም በቱቦ ላይ አነጸው፤ ላሜራዎቹ ከቱቦው ሻንሲ ላይ ተንጠልጥለው በቡሎን የሚታሰሩ ልብሶች ሆኑ። የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ የሚሽከረከረውን ባለሦስት እግር የሚሠራው የሕንዱ ባጃጅ ሙያውን የቀሰመው በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ እያመረተ ነው፤ ባለሦስት እግሩ ራሱ ሐረጉ ፒያጆ ከጦርነቱ በኋላ አፔ ብሎ ካወጣው የጭነት ስኩተር ይመዘዛል።

የሁለቱ አሠራር ልዩነት ዛሬ በየጋራዡ ለሚነሣው ክርክር ሁሉ መሠረት ነው። ቬስፓ አካሉና አጥንቱ አንድ ስለሆነ ወለሉ ከዛገ በሽታው የማሽኑ ሁሉ ነው፤ ላሜራው ተቆርጦ አዲስ ይበየድበታል እንጂ አውልቆ መቀየር የለም። ላምብሬታ ግን ይፈታል። የአንዱ የጎን ክዳን ለሌላው ይሆናል፣ ሞተሩ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ ይታሰራል። በዚህ ምክንያት ከ40 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ይህ የእኔ ስኩተር ነበር ሲል የቱ ክፍሉ የእሱ እንደነበር መጠየቅ አለበት። መልሱ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው። የላምብሬታ ክለብና የቬስፓ ክለብ የየሞዴሉን ቁጥር ዝርዝር የያዙ መዝጋቢዎች አሏቸው፤ ቁጥሩን ሲያዩ ማሽኑ የወጣበትን ዘመን ይናገራሉ። የ1963 ነው ተብሎ ሲማልበት የኖረ ስኩተር የ1966 ሆኖ ይገኛል። ሦስት ዓመት ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን በ1964 ወደ ባሕር ዳርቻዋ ብራይተን የሄድኩበት ስኩተር ይህ ነው የሚለውን ታሪክ ለማፍረስ ይበቃል።

የብራይተን ነገር ሲነሣ ደግሞ ትዝታ ምን ያህል እንደሚንሸራተት በግልጽ ይታያል። ግን ከመጀመሪያው እንነሣ፤ ስኩተር ወደ ብሪታንያ ሲገባ የዓመፀኛ ወጣት ማሽን አልነበረም። ብሪስቶል አጠገብ የነበረው ዳግላስ የተባለ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ከ1951 ጀምሮ ቬስፓን በፈቃድ ሠራ፤ ገዢዎቹ ወደ ሥራ የሚሄዱ ወንዶችና ሴቶች፣ እሑድ ወደ ባሕር የሚወርዱ ባለትዳሮች ነበሩ። የ1950ዎቹ ክለቦች መኪና ለመግዛት አቅም ላጣ ሰው የሽርሽር ማኅበር ነበሩ፤ በ1957 የተጀመረው የአይል ኦፍ ማን ደሴት ራሊም የተሳተፉበትን ሰዎች በጽናትና በማሽን አያያዝ የሚፈትን ጨዋ ውድድር ነበር። ነገሩን የቀየሩት ሕጎችና ደመወዝ ናቸው። በ1958 መንግሥት በዱቤ ግዢ ላይ የጣለውን ገደብ አነሣ፤ በ1960 የመጨረሻዎቹ የግዴታ ወታደሮች ተመለመሉ። ስለዚህ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ሁለት ዓመት ካምፕ ይገባ የነበረው ወጣት አሁን ፋብሪካና ቢሮ ውስጥ ደመወዝ እየበላ በወር ክፍያ ስኩተር መግዛት ቻለ። እስከ 1971 ድረስ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ልጅ በሕግ መንዳት ይችል ነበር። ሌሊት አውቶቡስ በሌለበት ከተማ ዳር የሚኖር፣ ያሰፋውን ሱፍ ሳያቆሽሽ ለንደን ሶሆ ደርሶ ሲነጋ መመለስ ለሚፈልግ ልጅ ከዚህ የተሻለ መጓጓዣ አልነበረም። ሞዶች የሚባሉት ወጣቶች ስኩተርን የመረጡት ስላማረ ብቻ አይደለም፤ አማረም፣ ተገኘም።

ከዚያ የ1964 ፋሲካ መጣ። ክላክተን በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ከሳምንታት በኋላም በማርጌትና በብራይተን፣ ሞዶችና ሞተር ሳይክል ነጂዎቹ ሮከሮች ተጋጩ፤ ጋዜጦቹ አገር እንደፈረሰ አድርገው ጻፉት። ስታንሊ ኮኸን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ነገሩን ሥራዬ ብሎ መርምሮ በ1972 ፎክ ዴቭልስ ኤንድ ሞራል ፓኒክስ በተሰኘው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የደረሰው ጥፋት ከዘገባው በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ በቦታው ከተገኙት ወጣቶች መካከልም ስኩተርና ሞተር ሳይክል ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኛው በእግሩ የሚንጎራደድ፣ የሚሆነውን ለማየት የመጣ ሕዝብ ነው። ይህ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ማስረጃ ነው። ብዙዎች ዛሬ የሚያስታውሱት ብራይተን የጋዜጣው ብራይተን ነው። በዚህ ላይ በ1979 የፍራንክ ሮዳም ኳድሮፊኒያ ፊልም ተደረበ። ዘ ሁ የተባለው ባንድ በ1973 ባወጣው አልበም ላይ የተመሠረተው ይህ ፊልም ለአዲስ ትውልድ ሞድ ምን እንደሚመስል አስተማረ፤ ለአሮጌው ትውልድም ምን ይመስል እንደነበር አስታወሰ፣ አንዳንዴም ከነበረው በላይ አስታወሰ። በመስታወትና በመብራት ተጥለቅልቆ የሚታየው ስኩተር እውነት ነበር፣ ፎቶዎች አሉ፤ ግን አጭር ጊዜ የቆየ ፋሽን ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ብዙዎቹ ጌጡን አራግፈው ስኩተራቸውን ወደ መራቆት ወስደውታል። የማሽኑም አቅም ያን ሁሉ ጭነት አይፈቅድም ነበር፤ የዘመኑ ደካማ የኤሌክትሪክ መስመር ሁለት ተጨማሪ መብራት ሲበራበት ዋናው መብራት ይፈዛል። አሮጌ ሽቦ እየዘረጋ የሚሠራ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። 12 መብራት ነበረኝ፣ ሁሉም ይበሩ ነበር ብሎ የሚተርክ ካለ ዲናሞው ራሱ ይከራከረዋል።

ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለው የካምብሪጅ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1932 እንዳስረዳው ሰው ያለፈን ነገር ከመጋዘን አያወጣም፤ ባስታወሰ ቁጥር እንደገና ይሠራዋል፣ ሲሠራውም ዛሬ በሚያውቀውና በሚጠብቀው ይሞላዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ መሆኑን አሳይተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው አሳሳቢ ነገር ይወጣል፤ ሰው በብዛት የሚመላለስበት የሕይወቱ ክፍል ደጋግሞ የተሠራው፣ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የተለወጠው ሊሆን ይችላል። ሞሪስ አልብቫክስ የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር በ1925 የሰጠው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። እሱ እንደሚለው ሰው ብቻውን አያስታውስም፤ ትዝታ የሚቆመው የኖርንበት ቡድን ሲደግፈው ነው። ክለብ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ቡድንም አብሮ ሊሳሳት ይችላል፤ ደስ የሚለውን ታሪክ አሥር ሰው በአንድ ድምፅ ሊያጸድቀው ይችላል። ባልንጀራ ብቻ በቂ አራሚ ያልሆነው ለዚህ ነው። ቁጥሩ፣ ጭረቱ፣ ሽቦው የሚያስፈልጉት አሥር ሰው በተስማማበት ቦታ ነው።

ብረቱ ከሚናገራቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ቀለም አንደበተ ርቱዕ የለም። የጎን ክዳኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ጥግ በውሃ በተነከረ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይታሻል። መጀመሪያ የሚገፈፈው በቆርቆሮ መርጫ የተቀባ ድፍን ጥቁር ነው፤ ስኩተሩን ለመሸጥ የቸኮለ ሰው ሥራ። ከሥሩ የ1980ዎቹ ሥዕል ይመጣል፤ የባንድ ስም፣ የፊልም ገጸ ባሕርይ፣ በአየር ብሩሽ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ሠሪው ወር የከረመበት። ከዚያ በታች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ክብ አለ፤ የ1979 ፊልም ያመጣው ማዕበል ምልክት። ከዚያ ስስ ስቱኮ፣ አደጋ የደረሰበትን ቦታ የሸፈነ። ከሁሉም በታች ፋብሪካው ሚላን ላይ የቀባው ነጭና፣ ከእሱ ሥር የፋብሪካው መሠረት ቀለም። እጅ በማታክል ላሜራ ላይ የአራት ባለቤቶች ዕድሜ ተነባብሯል፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የነበረውን ሸፍኖ የራሱን ዘመን ጽፏል። በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚወራው ወሬ ከሌላው ጊዜ ይለያል። ሥዕሉን የሠራው ሰው ይጠራል፣ ስቱኮው የሸፈነው አደጋ የት እንደደረሰ ይፈለጋል፣ በአደጋው ስለሞተው ወይም ስለተረፈው ልጅ ይነሣል። ይህ ከላሜራ ላይ የተነሣ ትዝታ ነው እንጂ ከአየር የተያዘ አይደለም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ አለ፤ በብዙ ጋራዦች ውስጥ የሚጠገነውን ጉዳት ያደረሱት አዳሾቹ ራሳቸው ናቸው። ኢኖቼንቲ ላምብሬታን ማምረት ያቆመው በ1971 ነው። የፋብሪካውን መሣሪያ የሕንድ መንግሥት ገዝቶ ሉክኖው ላይ ተከለው፤ ስፔን ኤይባር ከተማም ሰርቬታ የተባለው ፋብሪካ ማምረቱን ለተወሰነ ጊዜ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ በብሪታንያ አሮጌ ስኩተር ዋጋ አልነበረውም፤ በየጓሮው ዝጎ የተጣለውን ወጣቶች በሳንቲም ይወስዱት ነበር። ስኩተርቦይ የተባለው የ1980ዎቹ ትውልድ ማሽኖቹን የያዘው እንደ ቅርስ አልነበረም፤ መሣሪያ ነበሩ። የእግር ጋሻው በመጋዝ ተቆረጠ፣ ክዳኖቹ ተጣሉ፣ ፓራፋንጎው ተከረከመ፣ የፊት ሹካው እንዲረዝም ተደርጎ ተበየደ፣ ማርሚታው ድምፁ ሰፈር በሚያውክ ተተካ። ዛሬ የመጀመሪያውን የጣሊያን ክዳን ለማግኘት አገር የሚያስሰው የ65 ዓመት ሰው ያንኑ ክዳን በ1983 ቆሻሻ መጣያ ላይ የወረወረ ሊሆን ይችላል። ይህን ሲያስታውስ የሚያፍር ጥቂት ነው፤ የሚያዝን ግን አለ፣ የሚከራከርም አለ። የተቆረጠውስ ታሪክ አይደለም ወይ? እንደ ፋብሪካው መመለስስ የእኛን ወጣትነት መፋቅ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች አሁን የኖረውን ቀለም ከነመቧጨሩ ጠብቀው ሞተሩን ብቻ ማደስ የመረጡት ይህ ጥያቄ ስላሸነፋቸው ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ማንም ከሱቅ ይገዛል፤ በ1981 በልጅ እጅ የተሣለ ሥዕል ግን አንዴ ከታሸ አይመለስም።

ሰዎቹን ያቀራረበው ነገር ምን እንደነበር ስንጠይቅም ብረቱ ይመልሳል። የተለመደው መልስ ሙዚቃና ፋሽን የሚል ነው፤ እውነትም አለው፣ በተለይ በሰሜን እንግሊዝ፣ ከ1973 እስከ 1981 ክፍት የነበረው ዊጋን ካሲኖ የተባለ ዳንስ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ሙዚቃ ሲያስጨፍር በስኩተር የሚደርሱ ነበሩ። ግን ሙዚቃ ለመስማት ክለብ አያስፈልግም። ክለብ ያስፈለገው ማሽኑ ስለሚበላሽ ነው። እነዚህ ባለሁለት ምት ሞተሮች የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለ ዘይት ነው፤ የአሮጌው ላምብሬታ መመሪያ 4 በመቶ ዘይት ያዛል። ቅልቅሉ ከተሳሳተ ወይም ካርቡራቶሩ አየር ካበዛ ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩን ይጨብጣል፣ የኋላ ጎማው ይቆልፋል፤ ነጂው በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮን ካልያዘ አስፋልት ላይ ይዘረጋል። ኬብል ይበጠሳል፣ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። ከሰሜኗ ሊድስ ተነሥቶ እስከ ደቡቡ ዋይት ደሴት በየዓመቱ ኦገስት ለሚደረገው ራሊ የሚወርድ ልጅ ብቻውን አይሄድም። አንዱ ትርፍ ኬብል፣ ሌላው ካንዴላ፣ ሌላው ጓርኒሲዮን ይይዛል፤ አንድ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። የክለቡ ሕግ ይህ ነበር፤ ለእኛ አንባቢ በቅርብ የሚመስለው ዕድር ነው፤ መዋጮ አለው፣ ግዴታ አለው፣ በክፉ ቀን የማይገኝ አባል ስሙ ይነሣል። ዛሬም አባል ሲሞት ስኩተሮች ተሰልፈው ሬሳውን ያጅባሉ። ከዚህ አንጻር እድሳት ወደ ወጣትነት መሮጥ አይደለም፤ ማሽኑ ከመበላሸቱ የተነሣ ሰዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉበትን ሁኔታ እንደገና መፍጠር ነው። አስተማማኝ ዘመናዊ ስኩተር ይህን አያደርግም፤ አይበላሽምና ማንንም አያስጠራም። እጅም የራሱን ይመሰክራል። 40 ዓመት ያልነዳ ሰው ፍጥነት ሲጨምር ሁለት ጣቶቹ በራሳቸው ጊዜ የፍሪሲዮን እጀታ ላይ ያርፋሉ፤ ሞተር የነከሰበት ሰው ልማድ ነው፣ ከፊልም የሚማሩት አይደለም።

የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። በሳንቲም ይገኝ የነበረው ማሽን ዛሬ ውድ ሆኗል፤ እነዚህ ሰዎች ያደጉበት ሰፈር ልጅ ሊገዛው አይችልም፤ ስለዚህ ትዝታው የባለገንዘቦች ሆኗል ይባላል። ዋጋው መናሩ እውነት ነው። ዋጋ ሲንር አጭበርባሪ ይከተላል፤ ከቬትናም ይመጡ ከነበሩት ታደሱ የተባሉ ስኩተሮች መካከል ከሁለት ሦስት ማሽን ቁርጥራጭ ተበይደው፣ ዝገታቸው በስቱኮ ተሞልቶ፣ በሚያምር ቀለም የተሸፈኑ ነበሩ፤ በመንገድ ላይ ለሁለት የመከፈል አደጋ የነበረባቸው። ነገር ግን ገዢውን ከዚህ የሚያድነው ምንድን ነው? ብየዳውን በጣቱ ዳስሶ የሚያውቅ የክለብ አባል ነው። ገበያው ማሽኑን በዋጋ ሊወስደው ይችላል፤ እውቀቱን ግን በገንዘብ አይለውጠውም፣ እውቀቱም በየክለቡ እስካሁን ያለ ክፍያ ይሰጣል። በጡረታ አበል የሚኖር ሰው የራሱ ስኩተር ባይኖረው እንኳ በሌላው ጋራዥ ውስጥ የሚፈለገው እጁ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከባድ ነው። ያ ዘመን ይናፈቃል ወይ? በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቀኝ አክራሪዎች ወጣቱን ስኪንሄድ በተባሉ ራስ ተላጭ የወጣት ቡድኖች በኩል ለመሳብ ይሠሩ ነበር፤ ጥቂት የማይባሉት በስኩተር ራሊዎችም ዙሪያ ነበሩ። የሚደንሱበት ሙዚቃ ከጃማይካና ከጥቁር አሜሪካ የመጣ ሆኖ ሳለ ጥቁር ጎረቤታቸውን የሚያስፈራሩ ነበሩ። ሥራ አጥነት ነበር፣ ድብድብ ነበር። ይህን የሚዘልል ትዝታ ውሸት ነው። እዚህ ላይ ብረቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሆኖም ዝም አይልም። ከሥሩ የወጣ ቀለም ላይ አንዳንዴ ባለቤቱ ዛሬ ሊያየው የማይፈልገው ምልክት ይገኛል። ያን አሽቶ ዝም ማለት ይቻላል፤ ለባልንጀሮች ምን እንደነበር መንገርም ይቻላል። ወንበር ላይ የሚተርክ ሰው ይህ ምርጫ እንኳ አይመጣበትም፤ ምልክቱ ከፊቱ አይወጣምና። እድሳት ሰውን ሐቀኛ አያደርግም ይሆናል፤ ሐቀኛ የመሆን አጋጣሚውን ግን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥለታል።

ሦስተኛው ጭስ ነው፤ በዚህ ላይ ስኩተር ወዳዶች ማድበስበስ የለባቸውም። በባለሁለት ምት ሞተር ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ሲወጣና አዲሱ ቅልቅል ሲገባ በሮቹ ለአፍታ አብረው ክፍት ናቸው፤ ስለዚህ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት በማርሚታው ያመልጣል። በ2014 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት ባለሁለት ምት ስኩተሮች በቁጥራቸው ማነስ የማይገመት የአየር ብክለት እንደሚያደርሱ አሳይቷል። በብሪታንያ 40 ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ ከመንገድ ግብር ነፃ ነው፣ ከ2018 ጀምሮ በእጅጉ ካልተለወጠ ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ሆኗል፣ ለንደን ውስጥ ያለው የአየር ጥራት ክፍያም አይመለከተውም። ለእሑድ ጉዞና ለራሊ ይህ ነፃነት ተገቢ ይመስለኛል፤ ዓመት ሙሉ የሚነዳው ርቀት ትንሽ ነው፣ አዲስ ማሽን ለመሥራት የሚወጣው ብረትና ኃይልም ይቀራል። በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚመላለስበት ሰው ግን አልከራከርለትም፤ የሰው ሳንባ ከማንም ትዝታ ይቀድማል። ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ መሆኑንም ልምድ ያላቸው አባላት እንደ ስጦታ ባያዩት ደስ ይለኛል፤ ፍሬንና የመሪ ኩሽኔታ በሌላ ሰው ዓይን መታየታቸው ራሱ የክለቡ አሮጌ ሕግ ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ክለቦቹ ገና ያልሠሩት ሥራ አለ። የሻንሲ ቁጥር በጥንቃቄ ይመዘገባል፤ በዚያ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ሰው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። በተለይ ሴቶቹ። የ1950ዎቹ ክለብ ፎቶዎች ላይ በራሳቸው ስኩተር ላይ የተቀመጡ ሴቶች አሉ፤ በሞዶቹም ዘመን ሴቶች ነበሩ፤ በጋራዥ ወሬ ውስጥ ግን ከኋላ የተቀመጡ ሆነው ነው የሚቀርቡት። የምዝገባ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንደነበረ መፈተሽ ይቻላል፤ በአባት ስም በዱቤ የተገዛ ስኩተር ማን ይነዳው እንደነበር የምታውቅ እህት በሕይወት ካለች ትጠየቅ። ቀለሙ ከመታሸቱ በፊት እያንዳንዱ ድርብ ፎቶ ይነሣ፣ ሥዕሉን የሠራው ሰው ስም ይጻፍ፣ ወረቀቱ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሸጥ። በ1964 16 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ 80ን እየተጠጋ ነው፤ ጥያቄው በዚህ ክረምት፣ ሞተሩ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሳለ መቅረብ አለበት።